ክዳን ላይ የተጻፈ

ሳምንት አንድ፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስታቲስቲክስ ትምህርት ነበር። አስተማሪው ግን ሰሌዳውን በጀርባው ሸፍኖ የሚጽፈውን ራሱ ብቻ ስለሚያየው የምገለብጠው ነገር አልተገኘም። ደብተሩ የግሌ ሆነ።

ቀን የምቆጥረው በሴሚስተሩ ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት አለኝ። ከዚያ በኋላ ወይ የሦስተኛ ዲግሪ ቦታ አለኝ፣ ወይ የለኝም። ክፍላችን ያለው ቦታ አንድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ ለሁለተኛው ገባሁ፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛውን አስባለሁ። እህቴ «አንቺ እኮ ጉርሻውን ሳትውጪ ሌላ የምትጠቀልይ ሰው ነሽ» ትላለች።

አማካሪዬን ሁላችንም «ዶክተር» ብቻ ነው የምንላቸው፤ ሕንጻው ውስጥ ሌላ ዶክተር የሌለ ይመስል። ዛሬ ቢሯቸው ጠርተው፣ «እጅሽ ፈጣን ነው፤ ጭንቅላትሽም አይከፋም። ውጤት አምጪልኝና ለቦታው እኔ እሟገትልሻለሁ» አሉኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ታች ስደርስ ቦርሳዬን ቢሯቸው ረስቼዋለሁ።

ሳምንት አንድ፣ ሐሙስ

ለእማዬ በስልክ ያስረዳኋት እንዲህ ነው። መጋዘን ውስጥ እህል የሚያበላሽ ሻጋታ አለ። ዶክተር ከኮረብታው ያረጀ ጫካ አፈር ውስጥ ይህን ሻጋታ የሚገታ ባክቴሪያ አለ ብለው ያምናሉ። አራት ዓመት ፈልገዋል። የኔ ሥራ አፈሩን በውሃ በጥብጦ፣ ሻጋታው በተዘራበት ባለ ክዳን ትንሽ ሳህን ላይ ጠብ ማድረግና መጠበቅ ነው። የሚገታ ነገር ካለ ሻጋታው ይሸሸዋል። በዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል።

«ቀለበት?» አለች እማዬ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማችው አይመስለኝም።

ሃያ ከረጢት አፈር አለ። ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት የጫካው ነው። አራቱ ተራ አፈር ነው፣ ለማነጻጸሪያ፦ አሥራ ሰባት ከመንገድ ዳር፣ አሥራ ስምንት ከኳስ ሜዳ፣ አሥራ ዘጠኝ ከኮሪደራችን የአበባ መትከያ፣ ሃያ ከግቢው በር። የተራዎቹ ሥራ ምንም አለማሳየት ነው።

የላብራቶሪው ቴክኒሽያን ጋሼ ስም አወጡልኝ። «ጥድፊያ» ይሉኛል። «ነይ እስቲ ጥድፊያ፣ ሕጉን ልንገርሽ። ሳህን ምን ምን አለው?»

«ክዳንና… ታች።»

«ታች አይባልም፣ ቂጥ ነው። ቁጥር የሚጻፈው ቂጡ ላይ ነው። ክዳን ዘዋሪ ነው፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ። ቂጥ ግን ከባለቤቱ ተለይቶ አያውቅም።»

ጥግ ላይ የሚሠራው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳይስቅ ራሱን ነቀነቀ። ሚዛን ነው የምንለው። ጨው እንኳ ሦስቴ ይመዝናል።

ሳምንት ሁለት፣ ሰኞ

ማታ ቤት እንደገባሁ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አለችኝ።

«አጋር ሳፈላ።»

መርገጫውን አቆመች። «አጋርሽን አፈላሽው?»

«አጋር እኮ ሳህኑ ውስጥ የሚፈስሰው ነው፣ እንደ ጄሊ የሚረጋው።»

«እኔ እኮ ሰው በሃያ አራት ዓመቱ የሕይወት አጋር ሲፈልግ ነው የማውቀው። አንቺ አግኝተሽ ትቀቅይዋለሽ።»

ይህን ቀልድ ዓመቱን ሙሉ እንደምሰማው ይሰማኛል።

ሳምንት ሁለት፣ ረቡዕ

ሃያውም ተዘሩ። ጋሼ ጥርሳቸውን ሊያሳዩ ሐኪም ቤት ሄደዋል።

ቁጥሩን ክዳን ላይ ጻፍኩ። ምክንያት አለኝ። ሳህን መሳል የሚቻለው ገልብጦ፣ በመስኮት ብርሃን ላይ አድርጎ፣ በቂጡ በኩል በማየት ነው። ቂጡ ላይ ወፍራም ጥቁር «፲፱» ከተጻፈበት ምኑ ይሳላል? ቅዳሜ ቅዳሜ የእርሳስ ስዕል ክፍል እሄዳለሁ። ሌሎቹ ብርቱካንና ጫማ ይስላሉ፤ እኔ ሻጋታ። አስተማሪያችን አይከፋውም። «ዓይንሽ ያየውን እጅሽ እንዳያርመው» ነው የሚለኝ ሁልጊዜ።

ለሳምንት ብቻ ነው። ስጨርስ ወደ ቂጡ አዛውረዋለሁ።

ሳምንት ሁለት፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ከስታቲስቲክስ ቀድሜ ሁለት ሳህን ሳልኩ። አሥራ አራት፦ ምንም የለም፣ የራሰ በራ ሰው ራስ፣ ለጥላ ልምምድ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ፦ ጠርዙ ጋ አጋሩ ውስጥ የቀረች የአየር አረፋ አለች፤ ቁልጭ ያለች ኩላሊት። ሳፈስ ቸኩዬ ነው። ስሕተት ናት፤ ግን ስትሳል ታምራለች።

ከሰዓት

ትሪውን ይዤ ስወጣ ሚዛን በሩን ከውጭ ገፋው። አልወደቁም። አምስት ስድስት ክዳን ብቻ ተንሸራተተ። ወዲያው መለስኩ። በየቦታቸው። «ይቅርታ፣ ተደበላለቁ?» አለ። «የለም» አልኩት። ክፍል ረፍዶብኝ ነበር።

የላብራቶሪው መዝገብ ላይ አላሰፈርኩም፤ የሚሰፍር ነገር ስላልሆነ።

ሳምንት ሦስት፣ ሰኞ

ቀለበት!

ጠዋት ማሞቂያ ሳጥኑን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳወጣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ሻጋታው በሁሉም አቅጣጫ ነጭ ጥጥ መስሎ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ቀጥ። በመካከል ክሬም የመሰለች ጠብታ፣ ዙሪያዋ የጠራ። በማስመሪያ ለካሁ፦ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር። እንደገና ለካሁ። ክዳኑን አየሁ። አሥራ አራት። ጫካ!

ጮህኩ መሰለኝ፤ ጋሼ «ተቃጠልሽ?» እያሉ መጡ። አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሳህኑን ገልብጠው ቂጡን አዩና «ባዶ ነው» አሉ።

«ላዛውር ነበር ጋሼ።»

ሳህኑን መለሱልኝ።

ፎቶ አንስቼ ለእማዬም ለእህቴም ላክሁ። ለዶክተር የሚሄደውን ትንሽ አስተካከልኩት። ጠርዙ ላይ ኩላሊት የመሰለች አረፋ አለች፤ ዓይን ትስባለች፣ ፎቶውን ታበላሻለች። ከጥጉ ቆረጥኳት። ለውበት።

ሳምንት ሦስት፣ ማክሰኞ

ዶክተር ፎቶውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «አሥራ አራት የትኛው ዛፍ ሥር ነው?» አሉ። ካርታው ላይ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ቦታው ላይ አድርገው ቆዩ። «ይህን ዛፍ አውቀዋለሁ» አሉ፣ ስለ ሰው እንደሚያወሩ።

ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሳምንት አራት፣ ረቡዕ

ከከረጢት አሥራ አራት አዲስ አፈር ወስጄ ደገምኩ። አሥር ሳህን። ምንም።

ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ሳህን የወሰድናት ባክቴሪያ ደህና ናት። ማቀዝቀዣ ውስጥ በአራት ብልቃጥ አስቀምጠናታል፤ በተዘራች ቁጥር ሻጋታውን ትገታለች። ከአፈሩ ግን አትወጣም። ሚዛን «ልጅ ይዘን እናት ፍለጋ ሆነ» አለ።

ቅዳሜ ስዕል ክፍል አልሄድኩም። ሥራ በዝቷል።

ሳምንት አምስት፣ ሰኞ

ድጋሚ። አሥር ሳህን። ምንም። አጋሩ ተበላሽቶ ይሆናል።

ሳምንት አምስት፣ ዓርብ

ሚዛን በራሱ እጅ፣ በራሱ አጋር፣ ከከረጢት አሥራ አራት። ሃያ ሳህን። ምንም።

ከሰዓት የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እዚያ መሆኔን አላወቁም።

«የማይደገም ውጤት ውጤት አይደለም ጋሼ፤ ወሬ ነው።»

«ልጅቷ ትሠራለች እኮ።»

«ትሠራለች። እኔ አትሠራም አልወጣኝም።»

«ምን ልትል ነው ታዲያ?»

«እኔማ ምን እላለሁ? በሩን የገፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጋሼ ቧንቧ ከፈቱ፤ የቀረውን አልሰማሁም። የወደቀ ነገር ስለሌለ ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ሳምንት አምስት፣ እሑድ

ዝናብ ነው። እህቴ የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ እየሰፋች ነው፣ ስድስት አንድ ዓይነት። ወለሉ ሁሉ ጨርቅ ነው። የስዕል ደብተሬ ከጨርቁ ሥር የሆነ ቦታ አለ። አልፈለግኩትም።

እማዬ ደወለች። ለጎረቤቶቿ ሁሉ ነግራለች። «ልጄ መድኃኒት አገኘች» ብላ። መድኃኒት አይደለም አልኳት። «ታዲያ ሻጋታ ይገድላል አላልሽም?» አለች። «ይገታል እንጂ አይገድልም።» «ያው ነው። ሰውየውን ከበር ብትመልሽውም ቤት አልገባም።» ፎቶውን አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች። ዘመድ ሲመጣ «ይህ ምንድነው?» ይላል፣ እሷ ታስረዳለች። ምን ብላ እንደምታስረዳ አልጠየቅኩም።

ስታቲስቲክስ ላይ በዚህ ሳምንት የተማርነው፦ አንድ ነገር አርባ ጊዜ ተሞክሮ አንዴ ብቻ ቢገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ብርቅ ነው ወይ?» አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ያ አንዱ እንዴት ተገኘ?» ነው። ማስታወሻ ያዝኩ። ለፈተና ይወጣል።

ሳምንት ስድስት፣ ማክሰኞ

ዶክተር «ብርቅዬ ነች» አሉ። «አፈር እንደ ገበያ ነው። አንድ ቀን ያገኘሽውን ሰው በማግስቱ እዚያው ቦታ ብትፈልጊው አታገኚውም። ገበያው ግን አለ፤ ሰውዬውም አለ።» አባባሉ ደስ አለኝ። ጻፍኩት።

ለሳይንስ ጉባኤ የምናቀርበው ጽሑፍ ተላከ። ሳምንት አሥራ አንድ ሰኞ ላይ ዶክተር ይናገራሉ። ርዕሱ ውስጥ «የጥንታዊ ጫካ አፈር» የሚል አለ። ስሜ ሁለተኛ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለእህቴ አነበብኩላት። «ስምሽን ጠበቅ አርገሽ ነው የምታነቢው» አለች።

ሳምንት ሰባት፣ ሐሙስ

ዛሬ የአንደኛ ዓመቶች ተግባር ልምምድ። ሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድ እኔ። ሕጉን ነገርኳቸው፦ ቁጥር ቂጡ ላይ። ሳቁ። ከፊት ያለችው፣ ሁሉንም የምትጠይቀው፣ «ለምንድነው ክዳን ላይ የማይሆነው?» አለች።

በደንብ መለስኩላት። ክዳኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ማንኛውም ከማንኛውም ይገጥማል፣ አንዴ ከተነሱ የትኛው የማን እንደነበረ ክዳኑ አይነግርሽም አልኳት። «ከተደባለቁስ በኋላ ምን ይደረጋል?» አለች። «ይጣላል» አልኩ። «ሁሉም?» «ሁሉም። ይጻፍና ይጣላል።»

ጥሩ አስተማሪ እንደምሆን ይሰማኛል።

ሳምንት ስምንት፣ ማክሰኞ

አልጻፍኩም ብዙ ቀን። ፈተና፣ እርማት፣ ፈተና።

ሳምንት ስምንት፣ እሑድ

የሚዜዎቹ ልብስ ስላለቀ እህቴ ወለሉን አጸዳች። የስዕል ደብተሬን አገኘችው። ሻይ እየጠጣች ገለጠችው፤ ሳትጠይቀኝ፣ እንደ እህት። እኔ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነበር።

«ይቺ ኩላሊት ስልኬ ላይ ካለችው ጋር አንድ ናት» አለች።

«የቷ?»

ስልኳን ከደብተሩ አጠገብ አደረገች። ያኔ የላክሁላት ፎቶ፣ ያልተቆረጠው። «ይኸው። እዚህ ጋ ሸርተት ብላለች፣ ጫፏም ሹል ናት። ስዕሉ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ብለሻል። ለእናታችን አሥራ አራት አላልሽም እንዴ?»

«የተለያዩ ናቸው። አረፋ እኮ ሁሉም ይመሳሰላል።»

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት በግማሽ ሚሊሜትር ከመስመር ቢወጣ ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች። ስልኩን አየች፣ ስዕሉን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ» አለች። ደብተሩን ዘጋች። ሻይዋን ይዛ ተነሳች።

አሥራ አራት ቁጥር ስዕል አጠገቡ ነው። የራሰ በራ ራስ። አረፋ የለውም። ጥላው በደንብ ወጥቶልኛል።

ሳምንት ዘጠኝ፣ ሰኞ

በማንኪያ ትንሽ አፈር ብቻ ነበር የምፈልገው። ማወቅ ብቻ ነው፤ ማወቅ ደግሞ ሥራዬ ነው። የፅዳት ሠራተኛዋን እትዬ እንላቸዋለን። ኮሪደሩ ውስጥ ያዙኝ።

«ምን ልትቆፍሪ ነው በአበባዬ ላይ?»

«ትንሽ አፈር ነው እትዬ፣ ማንኪያ ብቻ።»

«ባለፈውም ማንኪያ ብቻ ብለሽ ነው ሥሩ የወጣው።»

«አፈሩን ከየት ነበር ያመጡት?»

«ከየት አመጣዋለሁ? ከእኔ በፊት እዚህ ነበር። እኔ ውሃና ሻይ ብቻ ነው የማጠጣው።»

«ሻይ?»

«እናንተ ስትጣደፉ ግማሽ ብርጭቆ እየተዋችሁ ትሄዱ የለ? የት ልድፋው? እሱ ነው የሚጠጣው። ሁላችሁንም ጠጥቷችኋል።»

አምስት ሳህን ዘራሁ። ቁጥሩን ቂጡ ላይ ጻፍኩ። ጋሼ ከኋላዬ አለፉ። ያዩ አልመሰለኝም።

ሳምንት ዘጠኝ፣ ዓርብ

ገና ነው። ሻጋታው ግማሽ መንገድ ደርሷል። የሚዛን ልደት ነበር፤ ኬኩን ስምንት እኩል ቦታ ቆረጠው፣ በማስመሪያ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ብቻችንን ስንቀር፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ያን ቀን በሩ ጋ…» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

የተረፈውን ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ለእህቴ ላከላት።

ሳምንት አሥር፣ ማክሰኞ

ከአምስቱ ሦስቱ። ቀለበት። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሚሊሜትር።

ማንም ሰው ላብራቶሪው ውስጥ አልነበረም። አልጮህኩም።

ሳምንት አሥር፣ ረቡዕ

የሚሆነውን በሁለት ዓምድ ጻፍኩ፤ ሚዛን እንደሚያደርገው።

ዝም ብል፦ ባክቴሪያዋ እውነት ናት። ሻጋታውን ትገታለች። ማንም አይጎዳም። ዶክተር ሰኞ ይናገራሉ፤ ቦታው የኔ ይሆናል። ቦታው ሲኖረኝ በኋላ ረጋ ብዬ ማስተካከል እችላለሁ።

ብናገር፦

ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ተውኩት። ዕቃ በእንፋሎት የምንቀቅልበት አውቶክሌቭ ስለጮኸ ነው፤ ዕቃ ማውጣት ነበረብኝ።

ስመለስ የመጀመሪያውን ዓምድ እንደገና አነበብኩ። «በኋላ ረጋ ብዬ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ሳምንት ሁለት ላይ «ስጨርስ ወደ ቂጡ አዛውረዋለሁ» ያልኩበት ድምፅ ነው።

ሳምንት አሥር፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው። እንደነበረ ልጻፈው።

ቢሯቸው በሩ ክፍት ነበር። የጉባኤውን ሥላይዶች እያዩ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የዛፉ ፎቶ። ቅዳሜ ለት ራሳቸው ሄደው አንስተውታል።

«ዶክተር፣ አሥራ አራት አሥራ አራት አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«አሥራ ዘጠኝ ነው። ቁጥሩን ክዳን ላይ ጽፌ ነበር። ክዳኖቹ ተንሸራተቱ፣ ስመልስ ተሳሳትኩ።»

«አሥራ ዘጠኝ የቱ ነው?»

«የኮሪደሩ አበባ።»

ከተቀመጡበት በበሩ በኩል አበባው ይታያል። አዩት። «በየቀኑ በአጠገቡ ነው የማልፈው» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ለራሳቸው ነው።

የስዕል ደብተሬን፣ ያልተቆረጠውን ፎቶና ሦስቱን አዲስ ሳህኖች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ። አንዱን ሳህን አነሱ፣ ገለበጡ፣ ቂጡን አነበቡ፣ አስቀመጡ። ስዕሉን ግን ብዙ ቆዩበት። «ጥሩ እጅ አለሽ» አሉ። ከዚያ ጠየቁ፦

«መቼ አወቅሽ?»

ሦስት መልስ ነበረኝ። ማክሰኞ፣ ቀለበቶቹ ሲወጡ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ እህቴ ስትጠይቀኝ። ሁለቱም ውሸት አይባሉም።

«ሳምንት ሦስት ሰኞ» አልኩ። «ቀለበቱን ያየሁ ዕለት። አረፋዋን አየኋት። ለእርስዎ የላክሁት ፎቶ ላይ ቆርጬ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ሥላይዱን ዘጉት። «መዝገቡን አምጪ።»

አመጣሁ። ገጹን ገለጥኩ። ላጲስ ፍለጋ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ «ላጲስ አይደለም» አሉ። «አንድ መስመር ብቻ። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከጎኑ ትክክለኛው። ከዚያ ፊርማሽና ቀን።»

፲፬ ላይ አንድ መስመር ሳብኩ። ፲፱ ጻፍኩ። ስለ ትሪውና ስለ በሩ ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ ስምንት ሳምንት የዘገየ ሦስት መስመር። ሚዛንን አልጠቀስኩም። ፈረምኩ።

«ዘንድሮ ለቦታው አልሟገትልሽም» አሉ።

«ገብቶኛል ዶክተር።»

«አልገባሽም። በክዳኑ ምክንያት አይደለም። ክዳን እኔም አደባልቄ አውቃለሁ።» የተቆረጠውን ፎቶ በጣታቸው ወደኔ ገፉት። «በዚህ ነው።»

ሳምንት አሥራ አንድ፣ ረቡዕ

ጉባኤው ላይ ሌላ ርዕስ ይዘው ሄዱ፣ የድሮ ሥራቸውን። ሚዛን አብሮ ሄዶ ነበር። «አሥር ሰው ነበር አዳራሹ ውስጥ፤ ሁለቱ ተኝተዋል» አለ። ከዚያ፣ «ጥያቄ ሲቀርብ አንዱ ስለ ጫካው ጠየቃቸው። ተሳስቼ ነበር አሉ። እኔ አሉ እንጂ እኛ አላሉም።»

ቦታው ለሌላ ክፍል ተሰጠ።

ሳምንት አሥራ አንድ፣ እሑድ

ለእማዬ ደወልኩ። ከጫካ አይደለም አልኳት።

«ከየት ነው ታዲያ?»

«ከአበባ መትከያ። ኮሪደር ላይ ካለ።»

ታጽናናኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እዚህ ቤቴ ስንት አበባ አለኝ! ያን ሁሉ መንገድ ከመሄድ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አለች። ፎቶውን ከግድግዳ አታወርደውም። የሚነገረውን ብቻ ታሻሽላለች።

ስለ ቦታው ነገርኳት። «ታዲያ አሁን ምን ትሆኛለሽ?» አለች። የሚቀጥለውን ሴሚስተር አንደኛ ዓመቶችን እንዳስተምር ቀጥረውኛል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ማመልከት እችላለሁ። «የሚሟገትልሽ አለ?» አለች። አላውቅም አልኳት።

ቅዳሜ ስዕል ክፍል ሄጄ ነበር። ብርቱካን ሳልኩ።

ሳምንት አሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ

ዶክተር ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥተው ከእትዬ ጋር ተቀምጠዋል፣ ማስታወሻ ይዘው።

«ሻዩ ስኳር አለው?»

«የአንዳንዱ አለው፣ የአንዳንዱ የለውም። የእርስዎ የለውም።»

«በሳምንት ስንት ብርጭቆ ይሆናል?»

«እንደ ጥድፊያችሁ ነው።»

ዶክተር «እንደ ጥድፊያችሁ» ብለው የጻፉ ይመስለኛል። ሳልፍ ቀና አሉና፣ «ሐሙስ ለት ሃያ አዲስ ሳህን አዘጋጂ፤ ሁሉም ከዚህ» አሉኝ። በመደበኛ ድምፅ ነው ያሉት።

ሳምንት አሥራ ሁለት፣ ሐሙስ

ሃያ ባዶ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አጋሩ ገና እየፈላ ነው። ቂጣቸው ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩ፤ ቀስ ብዬ።

ጋሼ መጡ። አንዱን ገለበጡ፣ አዩ፣ መለሱ። ሌላውን ገለበጡ። ሃያውንም። ከዚያ ክዳኖቹን በሙሉ ሰበሰቡና በሁለት እጃቸው እንደ ካርታ በወዟቸው፣ ጠረጴዛው ላይ በተኗቸው።

«በይ፣ ጥድፊያ። መልሺ» አሉ።

አንድ በአንድ መለስኩ፤ ሃያውም ሳህን ግጣሙን አገኘ።